ቀበሌ የሚመርጥ ማውስ

ሳሊሀ፣ ኮምፒውተሩ እንደሚለው ከሆነ፣ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ሁለት ጊዜ ቀበሌ ቀይራለች። በእውነቱ ግን ቤቷን ጥላ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረችም። ቤቷ ኮቦ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዋ ያለችው ኮቦ ገበያ አጠገብ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ሁለት ጥማድ የጤፍ ማሳዋ ደግሞ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል በሚወስደው መንገድ ዳር ይገኛል። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የማያውቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር፤ የማዳበሪያውን ዝርዝር የያዘውም እሱ ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ማዳበሪያ የሚሰጠው ስሙ በሚኖርበት ቀበሌ ስር ለተመዘገበ ገበሬ ነው። ለሁለት ጥማድ አንድ ከረጢት ኤንፒኤስና አንድ ከረጢት ዩሪያ ይደርሳል። እደላው ሐምሌ አስር ያበቃል፤ የተረፈው ተጭኖ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ሳሊሀ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን የምታሳርሰው በባሏ ወንድም በእንድሪስ በሬዎች ነው። እንድሪስም በሬዎቹን የሚለቅላት ለሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሐምሌ አስራ አንድና አስራ ሁለት። ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ተራ ነው። አምና ያለ ማዳበሪያ ዘርታ ነበር። ምርቱ እስከ ታኅሣሥ እንኳ አላደረሳትም፤ ከታኅሣሥ በኋላ የበላችው ከመርፌዋ ነው።

በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ዝርዝሩን የሚሞላው ሰው ሙህሲን ይባላል። አርባ ዓመት የተጠጋ፣ ትሑት፣ የእጅ ጽሕፈቱ የሚያምር ሰው ነው፤ የእጅ ጽሕፈት ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ አያስፈልግም ተብሏል። ኮምፒውተሩ በሌላ መሥሪያ ቤት አርጅቶ በስጦታ የመጣ ነው። ሙህሲን ወልድያ ሄዶ ሦስት ቀን ሰልጥኖበታል። በመጀመሪያው ቀን ማብራትና ማጥፋት ተማረ። በሁለተኛው ቀን የማውሱን ጎማ እያሽከረከሩ ቀበሌ መምረጥ ተማረ። በሦስተኛው ቀን የአበል መዝገብ ላይ ፈረመ። ስለዚህ ቀበሌ በሌላ መንገድም ሊመረጥ ይችላል ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም። የገበሬውን ስም ይጽፋል፤ ከስሙ ጎን ባለችው ሳጥን ላይ ቀስቷን ያሳርፋል፤ ጎማዋን በጣቱ ወደታች ይገፋል። የቀበሌዎቹ ስሞች አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ የፈለገው ሲደርስ ይጫናል፤ ዓይኑን ወደሚቀጥለው ወረቀት ይመልሳል።

ጎማዋ ጤነኛ በነበረችበት ጊዜ ይህ ይሠራ ነበር። አሁን ግን ወደታች ስትገፋ ዝርዝሩ ወደላይ ይዘላል። አንዳንዴ ሦስት ቀበሌ ባንዴ ታልፋለች፤ አንዳንዴ ጭራሽ ዝም ትላለች።

“እታለም፣ አንቺ የሮቢት ዙሪያ ነሽ” አላት ሙህሲን በግንቦት፣ ስክሪኑን እያየ።

“ሙህሲን፣ የልጅህን የዒድ ቀሚስ የት ነው የሰፋሁልህ?”

“እዚህ፣ ገበያው በረንዳ ላይ።”

“ታዲያ?”

“እኔማ አውቅሻለሁ፣ ወላሂ። ያላወቀሽ ሲስተሙ ነው።”

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዘካሪያስ ይባላሉ። ሁለት ስልክ ይይዛሉ፤ ሁለቱንም አያነሱም። ነገሩ ሲቀርብላቸው ሳቁም ተቆጡም አይባልም፤ መመሪያ አነበቡ። በሮቢት ዙሪያ የተመዘገበ ሰው ወደ ኮቦ ዙሪያ የሚዛወረው ከሮቢት ዙሪያ መሸኛ ደብዳቤ ሲያመጣ ነው።

“ኖሬበት ከማላውቀው ቀበሌ ማን ነው የሚሸኘኝ?” አለች ሳሊሀ።

“መኖርሽን ወይም አለመኖርሽን የሚያረጋግጠው እሱ ቀበሌ ነው” አሉ አቶ ዘካሪያስ።

ሳሊሀ በሚኒባስ ሄደች። እዚያ ያገኘችው ጸሐፊ ደግ ሰው ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማ፤ እስኪያስነጥሰው ሳቀ። ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ወይዘሮ ሳሊሀ በቀበሌው በሰላም የኖረች፣ ከጎረቤት ያልተጣላች፣ የልማት መዋጮ ያላጎደለች፣ ለቀብርም ለሠርግም የማትቀር ነዋሪ መሆኗን ጻፈና ማኅተም መታበት። ሳሊሀ ስትመለስ መኪናው ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባልኖረችበት አገር እንዲህ ያለ መልካም ስም ማትረፏ ትንሽ ደስ አላት።

ሙህሲን ደብዳቤውን አየ፤ ስሟን ከፈተ፤ ጎማዋን አንድ ጊዜ ወደታች ገፋ፤ ተጫነ።

“ኢና ሊላሂ” አለ።

“ምነው?”

“ጎብዬ ዙሪያ ሆንሽ። አሁን ደግሞ የጎብዬ መሸኛ ያስፈልግሻል።”

ጎብዬም ሄደች። የጎብዬው ጸሐፊ ግን ማንበብ የሚወድ ሰው ነበር። የሮቢቱን መሸኛ አነበበና “ይህ ወደ ኮቦ ነው የሸኘሽ። ጎብዬ ምን አገባሽ?” አላት። ልክ ነበር። በዚያ ሁሉ ጉዞ ልክ የሆነ ነገር የተናገራት ሰው እሱ ብቻ ነው፤ የተናገረው ግን ለማሳዋ አልጠቀመም።

ሰኔ ሲጋመስ ሳሊሀ ደብዳቤ ማሳደዱን ተወችው። የሙህሲንን ጠረጴዛ ዞራ ከጎኑ ቆመችና “እስኪ አሥር ጊዜ ግፋት። ተጭነህ ግን ምንም እንዳትመርጥ” አለችው።

“ለምን?”

“ላያት ነው።”

ሃያ ሁለት ዓመት በስፌት መኪና የሠራ ሰው መኪናው ሲያስቸግር ስፌቱን አያይም፤ የሚዞረውን ያያል። ሳሊሀም ስክሪኑን ትታ ጎማዋን አየች። ከአሥሩ አራቱን በትክክል ወረደች፤ ሦስቱን ወደላይ ዘለለች፤ ሁለቱን ዝም አለች፤ አንዱን ሦስት ቀበሌ ባንዴ አለፈች። እንደገና አሥር አስገፋችው። ቁጥሩ ተመሳሳይ ነበር። ከዚያ ልብስ የምትለካበትን ጠመኔ ከኪሷ አውጥታ ጎማዋ ላይ ትንሽ ምልክት አደረገችና ቀስ ብላ ራሷ አዞረቻት። ምልክቱ ከታች በኩል ሲሆን ሁሉ ነገር ደህና ነው። ወደላይ ሲመጣ ስክሪኑ ይቃዣል። ደግማ አየችው፤ ያው ነው።

“ቆሻሻ አይደለም” አለች። “ቆሻሻ ቢሆን ዙሪያዋን ሁሉ በያዛት ነበር። የታመመችው በአንድ ጎኗ ነው። አንድ ነገር ገብቶባታል። ክፈትልኝና ላውጣው።”

ሙህሲን እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ፤ ትኩስ ነገር የነካ ይመስል።

“መክፈት? እታለም፣ ቁጥሩን አላየሽም?”

አይታዋለች። የንብረት ክፍሉ አለሙ ጥንቁቅ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ቆጠራ በአንድ ቆርቆሮ ነጭ የዘይት ቀለምና በአንዲት ቀጭን ብሩሽ የጽሕፈት ቤቱን ንብረት ሁሉ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ስቴፕለሩን፣ ፔርሙዙን፣ መጥረጊያውን ሳይቀር። ቁጥሩ አሥራ አራት ፊደልና አኀዝ አለው። ለወንበር ጀርባ ይበቃል። ለማውስ ግን ስላልበቃ አለሙ ከጅራቱ ጀምሮ፣ ላይኛውና ታችኛው ክፈፍ የሚጋጠሙበትን መስመር ተሻግሮ፣ ጀርባውን አቋርጦ፣ የመጨረሻዋን አኀዝ ከጎማዋ ጫፍ ላይ አሳርፏታል። ማውሱን የከፈተ ሰው ቁጥሩን ከሁለት ይሰብራል። የንብረት ቁጥር የሰበረ ሰው ደግሞ ይጠየቃል።

ነገሩ ኮሚቴ አስፈለገው። አቶ ዘካሪያስ ሰብሳቢ፣ አለሙ ጸሐፊ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሾፌር አባል ሆኑ፤ መኪናው ከቆመ ዓመት ስለሞላው ሾፌሩ ለኮሚቴ ሥራ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ኮሚቴው ማውሱን ከሦስት ማዕዘን ተመለከተው። ለበላይ አካል ደብዳቤ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ በስልክ መልስ መጣ፤ “አጥፍታችሁ አብሩት።” ኮሚቴው ሦስቱም አባላት በተገኙበት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ጎማዋ ወደላይ ዘለለች። ይህ ግን በቃለ ጉባኤ አልተያዘም፤ አጀንዳው ማጥፋትና ማብራት ነበርና።

“አዲስ ግዙ” አለች ሳሊሀ።

“ሰኔ ሠላሳ በጀት ተዘግቷል” አሉ አቶ ዘካሪያስ። “አዲሱ ገና አልተከፈተም።”

“እኔ ገዝቼ ላምጣላችሁ። ከስልክ ቤቱ አለ፤ ጠይቄያለሁ።”

“ከተገልጋይ ስጦታ መቀበል በሥነ ምግባር ያስጠይቃል። በልገሳ ይሁን ከተባለ ደግሞ የልገሳ ተቀባይ ኮሚቴ አለው።”

“እሱ ኮሚቴ መቼ ይሰበሰባል?”

“ልገሳ ሲመጣ ነዋ።”

በዚህ መካከል ሐምሌ ዘጠኝ ደረሰ። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ እንደ ሳሊሀ ያለ ቀበሌያቸው የተሳከረባቸው ሰዎች ተደርድረው ነበር። በደጅ ማዳበሪያ የተሸከሙ አህዮች ሲያልፉ ይታያሉ፤ ሁሉም አንገቱን እያዞረ ይሸኛቸዋል። ከሁሉ ቀድመው የተቀመጡት ውዱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ኮቦ ተወልደው ኮቦ ያረጁ ሰው። የሳቸው ስም ሮቢት ዙሪያ ከሄደ ሁለት ወር ሆኖታል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አቶ ዘካሪያስ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሳሊሀ ገብታ ነጭ አቡጀዲ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በላዩ ላይ የስፌት መኪናዋን ትንሽ መፍቻ፣ ሁለት መርፌዎችና የመኪና ማጽጃ ብሩሿን ደረደረች።

ሙህሲን ጨርቁን አየና ተነሳ። “እታለም፣ እኔ ለዙህር ሰላት ወጥቻለሁ። የሆነ ነገር ቢሆን፣ ሰላት ላይ ነበርኩ።”

“አዛን እኮ ገና ነው።”

“ቀድሞ መገኘት ሱና ነው” አለና ወጣ።

ከማውሱ ሆድ ስር ያለችውን አንዲት ብሎን ፈታች። ክፈፉን ስትጎትተው የቀለሙ ቁጥር ከወገቡ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች፤ ሲገጠም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ጎማዋን ከመቀመጫዋ አነሳቻት። ከጎማዋ ጎን ዙሪያዋን የተሰነጣጠቀች ጥቁር ክብ ነበረች። በአንድ ወገኗ ትንሽ መብራት፣ በሌላው ወገኗ መብራቱን የሚያይ ዓይን አለ። ክቧ ስትዞር መብራቱ በስንጥቆቹ በኩል ይታያል፣ ይጠፋል፤ ዓይኑም ይቆጥራል። ሳሊሀ ክቧን ወደ መስኮቱ አንስታ ስንጥቆቹን ቆጠረች። ሃያ አራት ናቸው። አሥራ ዘጠኙ ብርሃን ያሳልፋሉ። አምስቱ፣ ተከታትለው፣ በአንድ ጎን፣ ተደፍነዋል።

የደፈናቸው ነጭ የዘይት ቀለም ነበር። ከቁጥሩ የመጨረሻ አኀዝ ላይ የወረደ።

መርፌዋን የመጀመሪያው ስንጥቅ ውስጥ እንዳስገባች በሩ ተከፈተ። አቶ ዘካሪያስ፣ ከኋላቸው አለሙ፣ ከአለሙ ኋላ ደግሞ ኮሪደሩ በሙሉ።

“ምን እያደረግሽ ነው?! ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው!”

“አረጋግጫለሁ” አለች ሳሊሀ ቀና ሳትል። “ቀለሙ ሆዱ ድረስ ገብቷል። እንዲህ የሕዝብ አደራ የተጠበቀበት ዕቃ አይቼ አላውቅም።”

አለሙ ጎንበስ ብሎ አየ። “ያቺ የኔ ቀለም አይደለችም።”

“ነጭ ናት፣ የዘይት ናት። እዚህ ቢሮ ሌላ ሰው ይቀባል?”

“የኔ ቀለም እንዲህ አይወርድም። ወንበሮቹን እያቸው።”

“ወንበር ጎማ የለውማ!” አለ አንድ ሰው ከኮሪደሩ።

አቶ ዘካሪያስ ከሁለቱ ስልኮች አንዱን አወጡ። “ፖሊስ እጠራለሁ። ቁጥር ሰብረሻል። ሙሉ ስም?”

“ያውቁታል።”

“ቀበሌ?”

ሳሊሀ መርፌዋን አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

“እሱን እዚያ ይመልከቱት” አለች ወደ ስክሪኑ እያሳየች። “ጎብዬ ዙሪያ ይላል። የጎብዬ ሴት ኮቦ ድረስ መጥታ ማውስ ፈታች ብለው ለጎብዬ ይጻፉ። እነሱ የሮቢት ናት ይሉዎታል። ሮቢቶች ደግሞ ከጎረቤት ያልተጣላሁ ጨዋ መሆኔን በማኅተም መስክረዋል፤ ይኸው።”

ኮሪደሩ ሳቀ። ሽማግሌው ውዱ በምርኩዛቸው ሰው እየገፉ ወደፊት መጡ።

“ዘካሪያስ፣ የኔ ልጅ፣ ሴትዮዋን ተዋት። እኔን ሁለት ወር ሮቢት አኑራችሁኛል። ሚስቴ ‘እዚያ ማንን አግብተህ ነው?’ ብላ እራት ከከለከለችኝ ሳምንት አለፈኝ። በዚህ ዕድሜዬ!”

“አባባ፣ ይህ የአሠራር ጉዳይ ነው።”

“የአሠራር ከሆነማ እራቴን ከአሠራሩ ታበላኛለህ።”

አቶ ዘካሪያስ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “በይ አሁኑኑ መልሰሽ ግጠሚው” አሉ።

“እገጥማለሁ። ተገጥሞ ሲያልቅ ግን እርስዎ እዚሁ ቆመው የኔ መስመር ኮቦ ዙሪያ ተብሎ ይታረማል፤ የመጋዘኑን ወረቀት ይፈርሙልኛል። ዛሬ።”

“ከጎብዬ መሸኛ ሳይመጣ?”

“እሺ” አለች ሳሊሀና የጨርቁን አራት ጫፎች መሰብሰብ ጀመረች። “እንዲህ ከሆነ ንብረቱን በሕጉ መሠረት አስረክባለሁ። አለሙ፣ የንብረት መረከቢያውን ደረሰኝ፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ ቁረጥልኝ። አሥራ አንድ ዕቃ ነው። ለየአንዳንዱ ለየብቻ፣ ከነዝርዝር መግለጫው። ብሎኗ አንድ፣ ክፈፉ ሁለት፣ ጎማዋ አንድ...”

የአለሙ ፊት ገረጣ። “አሥራ አንድ ሞዴል?” አለ ወደ ኃላፊው ዞሮ። “ጋሼ፣ ጥራዙ አልቋል። በጀት እስኪከፈት አናሳትምም። ደግሞ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር መስጠት ሊኖርብኝ ነው። ብሎኗ ላይ እንዴት እጽፋለሁ?”

የዚህ ጥያቄ መልስ በየትኛውም መመሪያ አልነበረም። አቶ ዘካሪያስ ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሳሊሀ ይህን እንደ እሺታ ወሰደችው።

አምስቱን ስንጥቆች በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ጠረገች። ቀለሙ ደርቆ ስለነበር እንደ ቅርፊት እየተነሳ ወጣ። በብሩሿ አራገፈች፤ ወደ መስኮቱ አንስታ ቆጠረች፤ ሃያ አራት። ከቀኝ ወደ ግራ ገጣጠመችው። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ከሩብ ሰዓቱም ግማሹ ንግግር ነበር። ሙህሲን በዚህ መሐል ከሰላት ተመልሶ ምንም እንዳላየ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

“ና ግፋት” አለችው።

አሥር ጊዜ ገፋ። አሥር ጊዜ ወረደች። ስሟን ከፈተና ቀስ ብሎ፣ በሁለተኛው የሥልጠና ቀን እንዳለ ሰው፣ ጎማዋን አዞረ። ኮቦ ዙሪያ ላይ ስትደርስ ትንፋሹን ይዞ ተጫነ። ኮቦ ዙሪያ እንደሆነ ቀረ።

“አልሀምዱሊላህ፣ እንኳን ወደ አገርሽ መለሰሽ!” አሉ ሽማግሌው ውዱ። “በል ሙህሲን፣ እኔን ደግሞ ከሮቢት አውጣኝ፤ እራቴ ይቀርባል።”

አቶ ዘካሪያስ ፈረሙ። ሲፈርሙ “ይህ ግን ለሌላው ምሳሌ አይሆንም” አሉ፤ ከኋላቸው አርባ ስድስት ሰው ተሰልፎ ነበር።

ሙህሲን ያን ቀንና በማግሥቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሠራ። ከአርባ ስድስቱ ሠላሳ አንዱን ወደየቀበሌው መለሰ። አሥራ አምስቱ በስደት ላይ እንዳሉ እደላው አበቃ፤ የእነሱ ማዳበሪያ ለሌላ ወረዳ ተጭኖ ሄደ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ አቶ ዘካሪያስ “የተበላሸ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ያለ ምንም ወጪ በራስ አቅም ተጠግኗል” ብለው አጻፉ፤ ለኮሚቴው አባላትም ምስጋና ቀረበ። ሾፌሩ በምስጋናው ሲገረም የታየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ሳሊሀ ሁለቱን ከረጢቶች በሐምሌ አሥር ጠዋት ከመጋዘን አወጣች። በዞብል በኩል ደመናው ስለጠቆረ በላስቲክ ጠቅልላ በአህያ ጋሪ ወሰደቻቸው። ዩሪያውን ጤፉ እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ከቤቷ ጥግ፣ ከእርጥበት ርቆ፣ በድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ኤንፒኤሱን በማግሥቱ ንጋት ላይ ወደ ማሳው አወረደችው።

እንድሪስ በሬዎቹን ጠምዶ ደርሷል። ማሳዋን በእርምጃ ለክታ በእንጨት ችካል በስምንት ከፍላዋለች፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት ቆርቆሮ እንደሚደርሰው ሰፍራ ይዛለች። ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው እየሄደች በእጇ ስትበትን ጥቂት ቆሞ አያት።

“ይሄ ሁሉ ወር የተንከራተትሽው ለዚህች ከረጢት ነው?”

“ለሁለት ነው። አንዱ ቤት አለ።”

“እሺ ለሁለት። ግን አንቺ በሰፈርሽው ልክ አይበቅልም እኮ።”

“የሚያበቅለው አላህ ነው፤ እኔ መስፈሩ ላይ ነኝ” አለችና ቆርቆሮዋን ሞላች። “አንተ በሬዎቹን ንዳ። ነገ ሲመሽ ትወስዳቸዋለህ፣ ገና ስድስት ክፍል ይቀረናል።”